አምበርድ፦ ምሽጉ ፈርሶ ቤተ ክርስቲያኗ ለምን ቆመች?

መጀመሪያ «አምበርድ» የሚለውን ስም ሳነብ ተታለልኩ። «አምባ» እና «ብርድ» ተጋጥመው የወለዱት የሀገራችን ስም መሰለኝ። ነገሩ ሌላ ነው። ስሙ አርመንኛ ነው። «አምፕ» ደመና፣ «በርድ» ምሽግ ማለት ነው። ብዙዎች «የደመና ምሽግ» ብለው ይፈቱታል። ከአማርኛ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቦታውን ያየ ሰው ግን ስሕተቴን ይቅር ይለኛል። አምባም ነው፤ ብርድም አለ።

አምበርድ አርመንያ ውስጥ፣ በአራጋጽ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ነው ያለው። አራጋጽ 4,090 ሜትር ይሆናል። በዛሬዋ አርመንያ ድንበር ውስጥ ከሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። ምሽጉ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጧል። ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። አየሩ ግን አይገናኝም። በክረምታቸው፣ ማለትም እኛ በጋ ባለን ጊዜ፣ በረዶው መንገዱን ይዘጋውና መኪና አይወጣም። በበጋቸው ግን ከዋና ከተማዋ ከየሬቫን የአንድ ሰዓት ግድም መንገድ ነው።

እዚያ የደረሰ ሰው ሁለት ነገር ያያል። አንዱ ትልቅ ጥቁር ግንብ ነው። ከፊሉ ተንዷል፤ ጣሪያ የለውም፤ ውስጡ ቆመው ቀና ሲሉ ሰማይ ነው። ከግንቡ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጉልላቷ ከላይዋ ነው። ግድግዳዋ ቀጥ ብሏል።

ሁለቱም ከአንድ ሰው ስም ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከልዑል ቫህራም ፓህላቩኒ። ያለውን ምሽግ አደሰ፣ አጠናከረ። ቤተ ክርስቲያኗን ደግሞ በ1026 አሠራ። በረዶው አንድ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ አንድ፣ ጠላቱም አንድ። ታዲያ ለምን አንዱ ፈርሶ ሌላው ቆመ? መልሱ «እግዚአብሔር ቤቱን ጠበቀ» ብቻ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። ግን የድንጋይ፣ የእንጨትና የፖለቲካ መልስም አለው። እሱን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ገደሉ ግማሹን ሥራ ጨርሷል

ሁለት ወንዞች ከአራጋጽ ይወርዳሉ፤ አምበርድና አርካሼን። ሁለቱም ተራራውን ቆርሰው ጥልቅ ሸለቆ ሠርተዋል። በመካከላቸው የቀረው መሬት እንደ ምላስ ሾሎ ወጥቷል። ምላሱ ጫፍ ላይ ወንዞቹ ይገናኛሉ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ገደል፣ ከፊት ገደል። ክፍት የሆነው ከተራራው ጋር የሚያያይዘው የላይኛው ወገን ብቻ ነው።

አምባ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ግንበኛው ገደሉ የማይጠብቀውን አቅጣጫ ብቻ ቢያጥር ይበቃዋል። አምበርድ ላይም ከባዱ ግንብ ያለው በዚሁ ክፍት ወገን ነው። ከግንቡ ጋር ክብ ማማዎች ተያይዘዋል። ክብ የሆኑት ለጌጥ አይደለም። ማዕዘን ያለው ማማ ጠላት ማዕዘኑን ፈልፍሎ ድንጋይ ሲያወጣበት ቶሎ ይናዳል። ክቡ የሚያዝበት ጥግ የለውም።

ድንጋዩ ባዛልት ነው። አዲስ አበባ ላይ «ጥቁር ድንጋይ» የምንለውን ያስታውሰናል። በሻካራው ተጠርቦ በኖራ ተያይዟል። ጥርቡ ሻካራ መሆኑን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ቦታ ላይ ምሽግ የሠሩት ፓህላቩኒዎች የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቦታው ካምሳራካን የሚባሉ መሳፍንት ነበር። ያን ጊዜ አርመንያ በመሳፍንት ቤቶች የተከፋፈለች ናት። እያንዳንዱ ቤት ርስት፣ ምሽግ፣ ወታደር ነበረው። ንጉሥ ሲኖር ለንጉሡ ይዘምታል። ንጉሥ ሲጠፋ ለራሱ ያድራል። በኋላ ምሽጉ ወደ ፓህላቩኒዎች እጅ ገባ። በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን አምበርድ የአኒ መንግሥት፣ ማለትም ዋና ከተማው አኒ የነበረው የአርመን መንግሥት፣ ትልቅ የመከላከያ ቦታ ሆነ።

ከአምበርድ ወደ ደቡብ ሲያዩ የአራራት ሜዳ ተዘርግቷል። ከሜዳው ማዶ የአራራት ተራራ አለ፤ ዛሬ በቱርክ ድንበር ውስጥ። በዚያ ሜዳ የሚያልፍ ጦር አቧራው ከሩቅ ይታያል። ጠባቂው ምሽጉ ላይ ቆሞ ማየት ብቻ ነው ሥራው።

እንደ ምጣድ የሚግል ወለል

ምሽግ ሲባል ሰው ስለ ግንብ ያወራል። እኔ ብሆን ስለ ውኃ ነው የማወራው። የተከበበ ሰው እህል አከማችቶ ወራት ሊቆይ ይችላል። ውኃ ከሌለው ግን ሳምንት አይሞላም። ከበባ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ አይሠራም። ቀድሞ መዘጋጀት ነው።

አምበርዶች ከተራራው ላይ፣ በረዶ ቀልጦ ከሚወርድበት፣ በሸክላ ቧንቧ ውኃ አወረዱ። የሸክላ ቧንቧ ማለት እንደ ጀበና አንገት ያለ ነገር ነው። የአንዱ ቀጭን አፍ በሌላው ሰፊ አፍ ውስጥ ይገባል። መጋጠሚያው ይታሸጋል። ከዚያ መሬት ውስጥ ይቀበራል። መቀበሩ ሁለት ጥቅም አለው፤ ክረምት ላይ አይቀዘቅዝም፣ ጠላትም በቀላሉ አያየውም። ግን ድክመትም አለው። ጠላት መስመሩን አንዴ ካገኘው በአንድ መዶሻ ሥራው አለቀ። ስለዚህ ምሽጉ ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያም ነበረ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን መታጠቢያ ቤቱ ነው። አዎ፣ መታጠቢያ ቤት። በ10ኛው ወይም በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ጉልላት ያለው ትንሽ ሕንፃ። ወለሉ መሬት ላይ አላረፈም። እንደ ምጣድ በጉልቻ ተቀምጧል። ጉልቻዎቹ አጫጭር ምሰሶዎች ናቸው። ከጎን እሳት ይነዳል። ጭሱና ትኩሱ አየር በወለሉና በመሬቱ መካከል ይዞራል። ወለሉ ከሥር ይግላል፤ ክፍሉ ይሞቃል፤ ውኃውም ይሞቃል። ዘዴው የሮማውያን ነው። ከሮም በኋላም በምሥራቁ ዓለም አልተረሳም።

ይህ ስለ ቦታው አንድ ነገር ይነግረናል። አምበርድ የወታደር ካምፕ ብቻ አልነበረም። ቤተ መንግሥት ነበር። ጌቶቹ በትኩስ ውኃ ገላቸውን ይታጠቡበት ነበር። በዚያ ብርድ አልፈርድባቸውም።

ዋናው ግንብም እንደዚያው ነው። ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ነበር። ዙሪያው ድንጋይ ነው፤ በፎቆቹ መካከል ያለው ወለልና ጣሪያው ግን እንጨት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እንጨቱ ወለል ብቻ አይደለም። ትይዩ ያሉትን ረጃጅም ግድግዳዎች እርስ በርስ ያያይዛል። እንጨቱ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ግድግዳው ብቻውን ይቀራል። የሚደግፈው የለም። ዝናብ ከላይ ይገባዋል። ውኃው በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ውኃ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ድንጋዩን ገፋ ያደርገዋል። ይህ በየክረምቱ ለመቶዎች ዓመታት ይደጋገማል። ሻካራ ጥርብ ድንጋይ ያልኩት ለዚህ ነው። መጋጠሚያው ሰፊ ስለሆነ ውኃው መግቢያ አያጣም።

ከውጭ ሣጥን፣ ከውስጥ መስቀል

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ እንውረድ። በቅድስት ወላዲተ አምላክ ስም የተሠራች ናት። ሕዝቡ ግን ቫህራማሼን ይላታል። «ቫህራም የሠራት» እንደማለት ነው።

በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ማን እንዳሠራትና መቼ እንደተሠራች ይናገራል። 1026 ስል ወደ ፈረንጅ መልሼው ነው። አርመኖች ያን ጊዜ የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው። ዘመናቸው የሚጀምረው በ552 ነው። ስለዚህ ዓመቱ በእነሱ 475 ይሆናል። ቁጥሩን የሚጽፉት ደግሞ በፊደላቸው ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ዋጋ አለው። 475ን ለመጻፍ ሦስት ፊደል ይበቃል። ቀን በሁለት አቆጣጠር ማስላት ለለመድን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከውጭ ሲያዩዋት አራት ማዕዘን ሣጥን ናት። ሲገቡ ሣጥኑ የለም። የቆሙት መስቀል ውስጥ ነው። አራት ክንዶች፣ መካከል ላይ ጉልላት። ሣጥኑ የት ሄደ? በአራቱ ማዕዘኖች አራት ትናንሽ ክፍሎች አሉ። በመስቀሉ ክንዶች መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ የሞሉት እነሱ ናቸው። እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው።

ክፍሎቹ ለጸሎትና ለዕቃ ያገለግላሉ። ለሕንፃው ግን ሌላ ሥራ አላቸው። የድንጋይ ጉልላት ከባድ ነው። ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ግድግዳው ቀጭን ከሆነ ወደ ውጭ ተገፍቶ ይከፈታል፤ ጉልላቱም መካከል ላይ ይወድቃል። እዚህ ግን ግፊያው ማዕዘኖቹ ላይ ሲደርስ ቀጭን ግድግዳ አያገኝም። ሙሉ ክፍል ያገኛል። አራት ወፍራም ወንድማማቾች አንድ ሸክም ተሸክመው እንደቆሙ አድርጋችሁ ሳሉት።

የግድግዳው አሠራር ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የአርመን ግንበኞች ግድግዳ ሲሠሩ ሁለት ስስ የድንጋይ ገጽ ያቆማሉ፤ አንዱ በውጭ፣ አንዱ በውስጥ። ድንጋዮቹ በጥሩ ሁኔታ የተጠረቡ ናቸው። በመካከላቸው ምላጭ ማስገባት ያስቸግራል። ከዚያ መሀሉን በጠጠርና በኖራ ጭቃ ይሞሉታል። ሳንዱች ነው በሉት። ሙሌቱ ሲደርቅ እንደ ኮንክሪት አንድ ወጥ ይሆናል። ሸክሙን የሚይዘው እሱ ነው። የምናየው ቆንጆ ድንጋይ በብዛት ቆዳ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ገጽ ልሙጥና ጥብቅ ስለሆነ ውኃ በቀላሉ አይገባም። እንጨት ደግሞ የለባትም። ከወለል እስከ ጉልላት ድንጋይና ኖራ ናት። እሳት ቢነሳ የሚበላው ነገር አያገኝም።

ጉልላቷን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ከሥር ባለ አሥራ ሁለት ገጽ «ከበሮ» አለ፤ ጉልላቱን ከፍ አድርጎ የሚሸከመው ግድግዳ ነው። ከላዩ ያለው ጣሪያ እጥፋት እጥፋት አለው። በግማሽ የተዘጋ ጃንጥላ ይመስላል። የኪነ ሕንፃ ምሁራንም «የጃንጥላ ጉልላት» ነው የሚሉት። እጥፋቶቹ ለዓይን ደስ ይላሉ። በዚያ ላይ ዝናቡንና የሚቀልጠውን በረዶ እንደ አሸንዳ ወደ ታች ይሸኙታል።

ይህ ሁሉ ቀልድ በማይወድ ምድር ላይ ነው የቆመው። አርመንያ የመሬት መንቀጥቀጥ ሀገር ናት። በ1679 የተነሳው መንቀጥቀጥ የታወቀውን የጋርኒን ጥንታዊ ቤተ ጣዖት አፈራርሶታል። በታኅሣሥ 1988 ስፒታክ ላይ የደረሰው ቢያንስ 25,000 ሰው ገድሏል። ቫህራማሼንም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥገና ተደርጎላታል፤ ምንም አልነካትም ማለት አይደለም። ዝቅ ያለች፣ ትንሽና ሚዛኗ የተጠበቀ መሆኗ ግን በጣም ረድቷታል።

ንጉሥ የሌለው ምሽግ

እስካሁን የድንጋዩን መልስ ነው የሰጠሁት። የፖለቲካው መልስ ከዚህ የሚያሳዝን ነው።

ምሽግ ብቻውን ጦርነት አያሸንፍም። የሚያደርገው ጊዜ መግዛት ነው። ጠላት ምሽጉን ሲከብ ይዘገያል፤ እስከዚያ የንጉሡ ጦር ይደርሳል። ንጉሥ ከሌለ የተገዛው ጊዜ ለምን ይሆናል?

የአምበርድ ታሪክ ይኸው ነው። ዋና ከተማው አኒ ነበረ። የአኒ ንጉሥ ሆቭሃነስ ስምባት በ1022 ግድም ለቢዛንታይኑ (ለምሥራቅ ሮማው) ንጉሠ ነገሥት ለባሲሊዮስ 2ኛ ቃል ገባ፤ እኔ ስሞት መንግሥቴ ያንተ ነው አለ። ቫህራማሼን የተሠራችው ይህ ቃል ከተሰጠ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ንጉሡ ሲሞት ቢዛንታይኖች ውርሳቸውን ሊረከቡ መጡ። በር ላይ የጠበቃቸው ቫህራም ፓህላቩኒ ነው። ተዋጋቸው፤ መለሳቸው። ከዚያ የሟቹን ንጉሥ የወንድም ልጅ፣ ገና ወጣቱን ጋጊክ 2ኛን፣ አነገሠ።

ቢዛንታይኖች በጦር ያላገኙትን በግብዣ ፈለጉት። ጋጊክን ወደ ቁስጥንጥንያ ጠሩት። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ንጉሡ ሄደ፤ አልተመለሰም። ዙፋኑን እንዲለቅ አስገደዱት። በምትኩ ሌላ ቦታ መሬት ሰጡት። በ1045 አኒ ለቢዛንታይን ተሰጠች።

ነገሩ የሃይማኖትም ጣጣ ነበረበት። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ቅርብ ነው። አርመኖች እንደ እኛው የኬልቄዶንን ጉባኤ አይቀበሉም። ጉባኤው በተደረገበት በ451 እነሱ አቫራይር ላይ ከፋርስ ጋር እየተዋጉ ነበር። ስለዚህ ቢዛንታይን ለአርመን ገበሬ ክርስቲያን ጎረቤት ብቻ አልነበረም፤ እምነቱን «አስተካክል» የሚል ጌታ ነበር። ይህ ዝምድና ዛሬም አለ። በ1965 አጼ ኃይለ ሥላሴ ኬልቄዶንን የማይቀበሉትን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የአርመኑ ካቶሊኮስ ቫዝገን 1ኛ ከተገኙት አንዱ ነበሩ።

ቫህራም ራሱ ምን ሆነ? አኒ ከተወሰደች በኋላ ለቢዛንታይን ጦር ዘምቶ ድቪን በምትባል ከተማ ላይ በጦርነት ሞተ። በሩን ዘግቶ የመለሳቸው ሰዎች ሰንደቅ ሥር ማለት ነው። የተቀበረው እዚህ አምበርድ አይደለም። ጊዩምሪ አካባቢ በራሱ ባሠራው በማርማሼን ገዳም ነው።

ከዚያ ሴልጁኮች የሚባሉት ቱርኮች መጡ። በ1064 ሱልጣናቸው አልፕ አርስላን አኒን ያዘ። አምበርድ በ1070ዎቹ ተከተለ። ገደሉም፣ ግንቡም፣ ቧንቧውም ነበሩ። ሊደርስለት የሚችል ጦር ግን አልነበረም።

አንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ። በ1196 ዛካሬና ኢቫኔ የተባሉ ወንድማማቾች አስለቀቁት። ለጆርጂያዋ ንግሥት ለታማር የሚያገለግሉ የጦር አለቆች ነበሩ። በ1215 ደግሞ ቫቼ ቫቹትያን የሚባል ልዑል ገዛው። አዎ፣ በገንዘብ ገዛው። ምሽግም እንደ ቤት ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ቫቼ እጁ ሰፊ ሰው ነው። አቅራቢያው ካሉት ገዳማት ሳግሞሳቫንክንና የሆቭሃናቫንክን ዋና ቤተ ክርስቲያን ያስገነባው እሱ ነው። ባለቤቱ ማማኻቱን ደግሞ የቴገርን ገዳም አሠራች። ሦስቱም ዛሬ ድረስ ቆመዋል። የሚኖርበት ምሽግ ግን ፈርሷል።

በ1236 ሞንጎሎች ደረሱ። ከዚያ በኋላ አምበርድ ዳግም እንደ ድሮው አልሆነም። ቀስ በቀስ ሰው ተወው። ሰው የተወው ምሽግ ጣሪያውን የሚያድስለት የለውም። ቤተ ክርስቲያን ግን ባለቤቱ ቢጠፋም ምእመን አያጣም። እረኛው ሻማ ያበራባታል። ዝናብ ከገባ ድንጋይ የሚመልስላት ይገኛል።

ቁፋሮ የተጀመረው በ1936 ነው። አፈሩ ሥር ሳንቲም፣ ጌጣጌጥና የሸክላ ዕቃ ተገኘ። በኋላ ምሽጉም ቤተ ክርስቲያኗም ተጠገኑ።

ከምሽጉ ወረድ ብሎ ቢዩራካን የሚባል መንደር አለ። በ1946 ቪክቶር ሃምባርትሱምያን የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ እዚያ የከዋክብት መመልከቻ ማዕከል አቋቋመ። ቦታው የተመረጠው ሰማዩ ጥርት ስለሚል ነው። «የደመና ምሽግ» ጎረቤቱ ቴሌስኮፕ ሆነ ማለት ነው። ከመንደሩ በላይ መንገዱ መንታ ይሆናል። አንዱ 3,200 ሜትር ላይ ወዳለው ወደ ካሪ ሐይቅ ይወጣል። ሌላው ወደ አምበርድ ያደርሳል። በየትኛውም ቢሄዱ ጃኬት ይያዙ፤ ነሐሴም ቢሆን።